በእንጦጦ ዳገት ላይ በተራራ ብስክሌት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይክሌን ይዤ ስወጣና ስገባ ከጎረቤት እስከ ጎሚስታ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ።

የተራራ ብስክሌት ከተራው ሳይክል በምን ይለያል?

ጎማውን ስታዩት ትለዩታላችሁ። ሰፊ ነው፤ ላዩ ላይ አፈር የሚቆነጥጡ ጉጦች አሉት። ማርሹ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ እንኳ እግር እንዳይቆም ሆኖ የተሠራ ነው። ፊቱ ላይ የድንጋዩን ምት የሚቀበል ሞላ አለው። መሪው ሰፊ ነው፤ ፍሬኑም አብዛኛውን ጊዜ ዲስክ ነው።

ስፖርቱ ራሱ ገና ወጣት ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ ላይ፣ ወጣቶች አሮጌ ወፍራም ጎማ ሳይክሎች ይዘው ቁልቁል ሲሽቀዳደሙ ነው መልክ የያዘው። ኦሎምፒክ ውስጥ የገባው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። ሰዎች «ብስክሌት የኛ ስፖርት አይደለም» ሲሉኝ ግን አንድ ነገር አነሳለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ላይ፣ ይዛ የቀረበችው ሩጫና ብስክሌት ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ የት ነው የሚነዳው?

እንጦጦ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ የሚወጣው አስፋልት ብቻውን ፈተና ነው። ላይ ስትደርሱ ደግሞ ከእንጦጦ ማርያም ወዲያና ወዲህ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሚገባ ስንት የእግር መንገድ አለ። መስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ ስላለው ለጀማሪ እዚያ መጀመር ጥሩ ነው። ተራራውን ተሻግራችሁ በሱሉልታ በኩል ስትወርዱ ሜዳው ይከፈታል። መስከረም ላይ አደይ አበባው ሲፈነዳ እዚያ ያልነዳ ሰው ያሳዝነኛል።

ሙሉ ቀን ከተገኘ መናገሻ ሱባ ጫካ ነው የምሄደው። ከከተማው በስተምዕራብ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት ጥንታዊ የጽድ ጫካ ነው። ጉሬዛ ከራሳችሁ በላይ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ።

ምን ዓይነት ሳይክል ልግዛ?

ውድ አትግዙ። የመጀመሪያው ሳይክል ምን እንደምትፈልጉ የሚያስተምራችሁ ነው። የፊት ሞላና ዲስክ ፍሬን ካለውና ለቁመታችሁ ከሆነ ይበቃል። መሀል ላይ ቆማችሁ ሁለቱንም እግር መሬት ስታሳርፉ ከላይኛው ብረት ጋር ቢያንስ አራት ጣት ክፍተት ይኑር። የኋላ ሞላም ያለው ርካሽ ሳይክል ካያችሁ እለፉት። ክብደቱ ዳገት ላይ ያንገላታችኋል፤ ሞላው ሲበላሽም መለዋወጫ አታገኙለትም።

ያገለገለ ስትገዙ ቀለሙን አትዩ። ሳይክሉን ገልብጡትና ጎማውን አሽከርክሩት። ዙሪያው ወዲህ ወዲያ ከተወላገደ ቸርኬው ተጣሟል ማለት ነው። ፔዳሉ የተያያዘበትን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ መነቃነቅ የለበትም። ብረቶቹ የተበየዱበትን ቦታ ሁሉ በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ ስንጥቅ ዓይን ሳያየው ጥፍር ይይዘዋል። በመጨረሻ ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ ወደ ፊት ሳቡት። ጥርሱ እስኪታይ ድረስ ከተነሳ ካቴናው አልቋል፤ የኋላውን ጥርስም ሳይበላው አይቀርም። ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

የጎማ ልክ 26፣ 27.5 ወይም 29 ኢንች ነው። ባለ 29ኙ ድንጋይ ላይ በቀላሉ ይሻገራል፤ እኔም የምነዳው እሱን ነው። ነገር ግን የ26 ካላማዳሪ ከየትም ይገኛል። የኔን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው በሻንጣው የሚይዝልኝ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ አሁን ሳልነግራት ሁለት ሁለት ይዛልኝ ትመጣለች።

ዳገት ላይ ትንፋሼ ቁርጥ የሚለው ለምንድን ነው?

ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ታልፋላችሁ። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ ገደማ ነው። በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ደካማ ስለሆናችሁ አይደለም። ለእረፍት ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጣ ወዳጅ ካላችሁ በማግስቱ እንጦጦ አታውጡት፤ ሦስት አራት ቀን ይረፍ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ወደ ታች መመለስ እንጂ መታገል የለም።

መድኃኒቱ ቀላል ማርሽና ትዕግሥት ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀንሱ፤ መሀል ላይ በኃይል እየረገጡ መቀየር ካቴና ይበጥሳል። ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፣ እግራችሁን በፍጥነት ግን በቀስታ ኃይል አዙሩ። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር አጭር ዓረፍተ ነገር ማውራት ካልቻላችሁ አብዝታችኋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሽሮ ሜዳ የጥበብ ልብስ ሱቆቹ ገና ሳያልቁ ወርጄ ገፍቻለሁ። ልምምድ ላይ የነበሩ ሯጮች በእግራቸው አልፈውኝ ሄዱ። ሳልወርድ አናት ለመድረስ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ምን ልብላ? ስጾምስ?

በሶ። ሌላ ነገር ፍለጋ አትድከሙ። ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው አድርጋችሁ መምታት ነው። ሆድ ላይ አይከብድም፤ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ጠርሙሱን ግን እንደተመለሳችሁ እጠቡ፤ ካደረ ይደርቅና አይለቅም። ኪስ ውስጥ ደግሞ ዳቦ ቆሎ።

በጾም ቀን ሰዓት የምትይዙ ከሆነ ውኃም ስለማይጠጣ ጉዞውን አሳጥሩ። እኔ ረቡዕና ዓርብ ላብ ሳያወጣኝ አርባ ደቂቃ ነድቼ እገባለሁ። በዐቢይ ጾም ረጅሙን ጉዞ ለቅዳሜ አስቀምጠዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት መብላት ስለሚፈቀድ ቁርሴን በልቼ እወጣለሁ። አብሮኝ የሚነዳው ሙስሊም ወዳጄ ደግሞ በረመዳን ከማፍጠሪያው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው የሚወጣው። ቤቱ ሲደርስ ቴምሩ ይጠብቀዋል።

ሥራ እያለኝ መቼ ልነዳ? የት ላስቀምጠው? ምን ልጠበው?

ጠዋት ነው። እኔ 11 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፣ ሲነጋጋ 12 ሰዓት ላይ ታች ነኝ፣ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሼ ልጄን ለትምህርት ቤት አዘጋጃለሁ። በሳምንት ሁለት የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ። ከዚህ በላይ ካደረግኩት ቤቱ ያኮርፋል፤ ልክም ነው። ማታ ከሥራ በኋላ ያለውን ሞክሬ ተውኩት። ይጨልማል፣ ሰው ይደክማል፣ ታክሲውም አይቶ አያይም።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሳይክሉን ደረጃ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ አላሳድረውም። ትከሻዬ ላይ አድርጌ እወጣለሁ፤ ሳሎን ከሶፋው ጀርባ የራሱ ቦታ አለው። ከሥሩ አሮጌ ማዳበሪያ ዘርግቼለታለሁ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ማጠብ ማለት ግማሽ ባልዲ ውኃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማለት ነው። ደርቆ የተጋገረውን ጭቃ መጀመሪያ በብሩሽ አራግፉ፤ ከዚያ እርጥብ ጨርቅ። ካቴናውን በደንብ አድርቃችሁ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ትርፉን በጨርቅ ጥርግ። ዘይት የበዛበት ካቴና የእንጦጦን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ሞረድ ይሆናል።

መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስብኝስ?

ይተነፍሳል። የቀጋና የአጋም እሾህ ለማንም አይመለስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይዛችሁ ውጡ፦ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ የእጅ መንፊያ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻዎች። አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባታችሁ በፊት ጣታችሁን በጎማው ውስጠኛ ክፍል ዙሪያውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ካለ አዲሱንም በአምስት ደቂቃ ይበሳዋል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ጠዋት ሁለት ካላማዳሪ ጨርሼ ሳይክሌን እየገፋሁ ወርጄ ነው።

ጎሚስታ ዘንድ ስትሄዱ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ብዙ የተራራ ሳይክሎች ቫልቫቸው ቀጭን ነው። የጎሚስታው መንፊያ የሚገባው እንደ መኪና ወፍራም የሆነው ላይ ብቻ ነው። ቀጭኑ ላይ የሚጠመዝዙት ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ አለ። ግዙና ከቁልፋችሁ ጋር እሰሩት፤ ብዙ ጊዜ አውጥቶኛል።

ሁለተኛ፣ ጎሚስታ የለመደው የመኪና ጎማ ነው። ዝም ካላችሁት ድንጋይ እስኪመስል ይነፋላችኋል። የተራራ ሳይክል ጎማ ለስለስ ማለት አለበት፤ እንደ ክብደታችሁና እንደ ጎማው ስፋት ከ25 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. (መንፊያው ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) ይበቃል። በጣም የተነፋ ጎማ ሥርና ድንጋይ ላይ ይነጥራል፣ መሬት አይቆነጥጥም። እኔ የሰፈሬን ጎሚስታ መጀመሪያ ላይ «ትንሽ ብቻ፣ ወንድሜ» እያልኩ አስቸግሬው ነበር። አሁን እሱ ራሱ በአውራ ጣቱ ተጭኖ «እንደዚህ ነው አይደል?» ይለኛል። የተበሳውንም በማስቲሽ ለጥፎ እንደ አዲስ ይመልስልኛል።

ክረምት ላይ ይነዳል?

ይነዳል፤ ግን ተመርጦ። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የናንተ ነው። መብረቅ ካለ ገላጣው አናት ላይ አትቆዩ። የፍሬን ሸራ በጭቃ ቶሎ ያልቃል፤ ከክረምቱ በፊት አንድ ጥንድ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት ግን ወደ ጫካው አትግቡ፤ አስፋልቱን ወይም ኮረቱን ንዱ። ለሳይክላችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ጎማ የሚተወው ቦይ በቀጣዩ ዝናብ የውኃ መውረጃ ይሆናል። በወሩ መንገዱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ያ መንገድ ሰው ቤቱ የሚገባበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ነው።

ቁልቁለት እፈራለሁ። እንዴት ልልመደው?

ከኮርቻው ተነሱ። ፔዳሎቹን እኩል አድርጉ፣ ጉልበትና ክርናችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ። ዓይናችሁ የፊት ጎማው ላይ ከተተከለ ትወድቃላችሁ፤ አምስት ስድስት ሜትር ቀድሞ ይሂድ። የፊት ፍሬን ዋናው ማቆሚያ ነውና አትሽሹት፤ በአንድ ጣት፣ ቀስ እያላችሁ፣ ጎማው ቀጥ ባለ ጊዜ ያዙት። ጥምዝ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን አትያዙት፤ ፍጥነቱን ከጥምዙ በፊት ጨርሱ።

እንጦጦ ላይ የተለየ ጠላት አለ፦ የባሕር ዛፍ ፍሬ። ደርቆ ሲረግፍ እንደ ብይ መንገዱን ይሞላዋል። ከላዩ ቅጠሉ ስለሚሸፍነው አይታይም። የፊት ጎማ በጎን ሲረግጠው ይንሸራተታል። ቅጠል የተከመረበት ጥምዝ ስታዩ ሳይክሉን አታጋድሉ፤ ቀጥ ብላችሁ በቀስታ እለፉ። የተላጠው ቅርፊትም ማርሽ መቀየሪያው ውስጥ ይጠመጠማል። የመንቋቋት ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው ቁሙ፤ አንድ ዙር ብትረግጡ መቀየሪያው ይሰበራል።

ውሻ ሲያባርረኝስ? ጅብስ?

ውሻ የሚያባርረው የሚሮጥ ነገር ነው። ውረዱ፣ ሳይክሉን በናንተና በውሻው መሀል አድርጉ፣ እየገፋችሁ በእርጋታ ራቁ። አብዛኛው ይተዋል። ከነከሳችሁ ግን «ትንሽ ጭረት ነው» ብላችሁ አትተዉት። ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለአሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ስለ ክትባቱ ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ጅብ እንጦጦ ላይ አለ። ሳይነጋ ወደ ጫካው አትግቡ፣ ከመሸም አትቆዩ። ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አስፋልቱን አልለቅም።

ሴት ብቻዋን ብትነዳ ችግር አለው?

እኔም ሴት ነኝ፤ ስለዚህ እንዳለ ልንገራችሁ። አስፋልቱ ላይና ፓርኩ ውስጥ ብቻዬን እነዳለሁ። ጫካው ውስጥ ግን ቢያንስ ሦስት ሆነን ነው። ይህ ለወንድም ይሠራል፤ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ሰው ብቻውን ስልክ የማይሠራበት ቦታ ላይ ምን ያደርጋል? የት እንደምሄድና መቼ እንደምመለስ ሁልጊዜ ለእህቴ እነግራታለሁ።

ለከፋው አለ። በመጀመሪያው ዓመት ከአፍ የሚወጣውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሁለት ሰዎች ልብስ ላይ ምክር ሰጥተውኛል፤ እኔ ከታይት ላይ ሰፋ ያለ ቁምጣ ደርቤ ተመችቶኛል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ መንገዱ ያውቃችኋል። አሁን ሽሮ ሜዳ ላይ ሴት ልጆች «አይዞሽ! በርቺ!» እያሉ ይሮጡልኛል። ሌላው የሚጠይቁኝ ፀጉር ነው። ሹሩባ ሄልሜት ሥር በጣም ጥሩ ነው። ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ግን ሄልሜቱን ያነሳዋል። ሄልሜት ግንባር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት።

ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ቢመጣብኝ ማን ያሳልፍ?

እናንተ። ሁልጊዜ። እንጦጦ ላይ የምንነዳባቸውን መንገዶች ያወጣው ሳይክል አይደለም። እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች እግር ነው፤ አህያ ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ምዕመን ነው። የእንጨቱ ሸክም ከሰውየዋ ቁመት ይረዝማል፤ በወርድ መንገዱን ይሞላዋል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ አያዩዋችሁም። ሲዞሩ እንጨቱ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ከሩቁ ቁሙ፣ ውረዱ፣ በገደሉ በኩል ያለውን ጠርዝ እናንተ ያዙና ግድግዳውን ለሷ ተዉላት። ከኋላ ከመጣችሁ ደወል አትደውሉ፤ ይደነግጣሉ። «እንደምን አደራችሁ» በሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታልፉም ወርዳችሁ ግፉ።

እኔ ይህን ሕግ ያወጣሁት ከጥፋቴ ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ጥምዝ በፍጥነት ወርጄ ዘግይቼ ፍሬን ያዝኩ። አልነካኋቸውም። ግን አንዲት እናት ደንግጠው ወደ ጎን ሲሉ ሸክማቸው ከጀርባቸው ተፈታና ቅርንጫፉ በቁልቁለቱ ተበተነ። ሳይክሌን ጥዬ ሮጥኩ። «ይቅርታ እናቴ፣ ይቅርታ» እያልኩ አብረን ለቀምን። ገመዱን እንዴት እንደሚያስሩት አሳዩኝ፤ ወፍራሙ ከሥር፣ ቅጠላማው ከላይ፣ መሀሉ ላይ ለወገብ የሚሆን ባዶ። ሲጨርሱ ላሸክማቸው ከአንድ ወገን ያዝኩ። ከመሬት ሊነሳልኝ አልቻለም። እሳቸው ቁጢጥ ብለው ገመዱን ደረታቸው ላይ አሰሩና «ከኋላ ብቻ ግፊልኝ፣ ልጄ» አሉ። ገፋሁ፤ ተነሱ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሳይክሌን እየገፋሁ ከኋላቸው ወረድኩ። ስንለያይ «ቀስ በይ፣ እሺ?» አሉኝ።